የማኅበራችን መኪና ለምን ቆመች?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ሦስተኛ አጀንዳ የማኅበራችን ሚኒባስ ጉዳይ ነው። መኪናዋ ለምን እንደ ቆመች፣ እንዴት እንደ ተሠራች፣ ወደፊትም ምን ማድረግ እንደሚገባን እንዳስረዳ ኮሚቴው አዞኛል። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የምነግራችሁ መኪናዋ በተሠራችባቸው አራት ቀናት ደብተር ይዤ ከመካኒኩ ጎን ቆሜ ያየሁትንና የጠየቅሁትን ነው። በመጨረሻም ስለ ራሴ የምናገረው አንድ ነገር አለ። እስከዚያው በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

እንደምታስታውሱት ባለፈው የካቲት ወር የአንድ አባላችን እናት አርፈው ለቀብር ወደ ሸዋ ሮቢት ሄደን ነበር። ቀብሩ ተፈጽሞ፣ እዝን ቀምሰን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 11 ሰው ሆነን ተመለስን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አይሞላም። ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከደብረ ሲና ጀምሮ እስከ ዋሻው ድረስ ያለው ዳገት እንኳን አሮጌ መኪና አዲሱንም ያስጨንቃል። መኪናችን ዳገቱ ላይ ፈላች። ከዋሻው ሳንደርስ ቆመች። አንድ የጭነት መኪና እግዜር ይስጠውና እናቶችን እስከ ደብረ ብርሃን አደረሰልን።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ተጎትታ መጣችና አንድ ጋራዥ አስገባናት። ጋራዡ በሁለተኛው ቀን «ሞተሩ አልቋል፤ ሌላ ሞተር ይገዛ» አለን። የጠየቁት ገንዘብ ማኅበራችን በአንድ ዓመት ከሚሰበስበው መዋጮ በላይ ነበር። ኮሚቴው ሦስት ቀን መከረ። መኪናዋን እንዳለች በርካሽ እንሽጣት ያሉም ነበሩ። ነገር ግን ስንት በሽተኛ በሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰች፣ ስንት አስከሬን የሸኘች መኪና ናት። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና ጠብቆ መያዝ የሁላችንም ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ጡረታ የወጡ አንድ መካኒክ አባላችን «ልያት እስኪ» ሲሉ ሁላችንም ተስማማን።

መኪናዋ ወደ ግቢ እንደ ገባች እኔ ቁልፍ ይዘው ሞተር የሚፈቱ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን በርጩማ አስመጥተው ተቀመጡና ጥያቄ ጀመሩ። መቼ ጀመራት? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ጭሷ ምን ዓይነት ነበር? ከዚያ በፊት ውሃ ትጨምሩባት ነበር? «ሐኪም ሳይጠይቅ አይወጋም» አሉኝ። «የመኪና ገንዘብ የሚጠፋው በመፍታት ነው እንጂ በመጠየቅ አይደለም» ያሉትንም በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

ቀጥለውም እንዲህ ብለው አስረዱኝ። የቤንዚን ሞተር አራት ነገር ይፈልጋል። አየር፣ ቤንዚን፣ በሰዓቱ የሚመጣ የእሳት ብልጭታ፣ አራተኛም የታመቀ እስትንፋስ፤ ይኸውም ፒስቶኑ አየሩንና ቤንዚኑን ሳያፈስ ጨምቆ መያዝ አለበት። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ሞተሩ ወይ አይነሣም፣ ወይ ይንገጫገጫል፣ ወይ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ የትኛው እንደ ጎደለ ሳይታወቅ ዕቃ መቀየር ማለት በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደ መዋጥ ነው።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። በመጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥተው በጨርቅ ጠረጉና አዩት። ዘይቱ ጠቁሯል እንጂ ቡና በወተት አልመሰለም። ውሃ ዘይት ውስጥ ከገባ እንደዚያ ይነጣል፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ የታችኛው የሞተር ክፍል ሁሉ ይጎዳል። የእኛው ደኅና ነበር። ሁለተኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደ ሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃ እስከ አፉ ሞሉና አስነሡት። ውሃው ወዲያው አረፋ እየደፈቀ መውጣት ጀመረ። «አየኸው? ሳይሞቅ ፈላ ማለት ፈላ አይደለም፤ ከፒስቶኑ ቤት የሚመጣ ትንፋሽ ነው» አሉ። በቴስታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ አራቱንም ካንዴላ ፈትተው የትንፋሹን ግፊት በመለኪያ ለኩ። አንደኛው ሲሊንደር 9 ኪሎ፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 4፣ አራተኛው 9 አሳየ። ያ ጋራዥም ይህንኑ ለክቶ ነበር። «መጽሐፉ 12 ገደማ ይላል፤ አንዱም አልደረሰም፤ ስለዚህ ሞተሩ አልቋል» ያሉን በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ገንዘባችንን ያዳነው ይህ ነገር ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ጠረፍ ላይ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የእኛ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህሉ የጎደለ ስስ አየር ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ያንኑ ያገኘውን አየር ነውና 12 የሚለው እዚህ 9 ገደማ ቢሆን ጤነኛ ነው። ስለዚህ አንደኛውና አራተኛው ሲሊንደር ምንም አልሆኑም። የታመሙት ሁለተኛውና ሦስተኛው ናቸው፤ እነሱም ጎረቤታሞች ናቸው። ጎረቤታሞች እኩል ሲደክሙ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በመካከላቸው ያለው ጋርኒሲዮን መበሳቱ ነው። ጋሼ ይህን ለማረጋገጥ በሁለቱ ሲሊንደሮች ውስጥ አንዳንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደ ገና ለኩ። የፒስቶኑ ቀለበቶች አልቀው ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ዘግቶ ቁጥሩ ከፍ ይል ነበር። አላለም። ቀለበቶቹ ደኅና ናቸው ማለት ነው።

ቴስታው ወረደ። በሁለቱ መካከል ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ጠቁሮ አየነው። ቴስታው ላይ ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት በስስ መለኪያ ሲታይ በመጠኑ ተጣሟል። ዓይን አያየውም፤ ነገር ግን የ1 ሚሊሜትር ጥቂት አሥረኛ እጅ እንኳ ትንፋሽ ለማሳለፍ ይበቃል። ቶርኖ ቤት ተልኮ ተስተካከለ። አዲስ ጋርኒሲዮን ገባ። ቡሎኖቹም ከመካከል ወደ ዳር፣ ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ፣ በሦስት ዙር ተጠበቁ። አሮጌ ጋርኒሲዮን መልሶ ማስገባት፣ ቡሎን በጉልበት ብቻ ማጥበቅ፣ እነዚህ ሁለቱ ሥራውን እንደ ገና የሚያስደግሙ ናቸው ብለዋል። ጠቅላላ ወጪው ያ ጋራዥ ከጠየቀው ስድስተኛ እጁ ያህል ሆነ። ደረሰኙ በሒሳብ ሹማችን እጅ ስለሚገኝ ማየት የሚፈልግ አባል ማየት ይችላል።

ታዲያ ጋሼ በዚህ አላበቁም። «ጋርኒሲዮኑ መቃጠሉን አውቀናል፤ ያቃጠለው ግን ምንድን ነው? እሱን ካልያዝነው ይኸኛውም ይቃጠላል» አሉ። እውነትም ነው። ከዚያ ቴርሞስታቱን ፈትተው አወጡት። ይህ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ በር ነው። ሞተሩ ብርድ ሲሆን ይዘጋል፤ ሲሞቅ ከፍቶ ውሃው ወደ ራዲያተር ሄዶ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል። በላዩ ላይ 82 የሚል ቁጥር አለው፤ በ82 ዲግሪ ይከፈታል ማለት ነው። ከእናቶቻችን አንዷ የሽሮ ድስታቸውን ሰጡን። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለን፣ የድስቱን መቀመጫ ሳይነካ፣ ውሃው ውስጥ ነከርነው። በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ ከመፍላቱ በፊት መከፈት ነበረበት። ውሃው ተንተከተከ፣ እኛ ጠበቅን፣ ያ በር ግን የክር ያህል ብቻ ተከፍቶ ቀረ። አዲሱን ስንነክረው ከመፍላቱ በፊት ወለል ብሎ ተከፈተ። ድስቱ ታጥቦ ተመልሷል።

እንግዲህ በሽታው ይኸው ነው። ሜዳ ላይና ቁልቁለት ላይ ያቺ የክር ያህል ክፍተት ሞተሯን ታዘልቃት ነበር። 11 ሰው ጭና ጣርማ በርን ስትወጣ ግን አልቻለችም። በሩ ለምን ደረቀ ብትሉ ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ ስንጨምር ስለ ኖርን ነው። የቧንቧ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል፤ ዝገቱም ደለል ሆኖ ይቀመጣል። ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ የጠላ አተላ ይመስል ነበር። አሁን ታጥቦ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ተደርጎበታል። በየጋራዡ ደግሞ «ቴርሞስታት ለእኛ አገር አያስፈልግም» እያሉ አውጥተው የሚጥሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚሠራ ቤንዚን ይበላል፤ ቶሎም ያልቃል። የተበላሸ በር ይቀየራል እንጂ ቤቱ ያለ በር አይተውም።

የራዲያተሩን ክዳንም አትናቁት። ክዳኑ ውሃውን አምቆ ስለሚይዝ የሚፈላበት ሙቀት ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። በእኛ ከፍታ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ላስቲኩ የተሰነጠቀ ክዳን በትንሽ ገንዘብ ይቀየራል፤ ካልተቀየረ ግን ትልቅ ገንዘብ ያስወጣል።

አሁን ደግሞ የራሳችሁ መኪና ላላችሁ፣ በሰፈራችንም ዲኤክስ፣ ቮልስ፣ ላዳና ቪትዝ ስላሉ፣ ጋሼን ጠይቄ በደብተሬ የያዝኩትን በአጭሩ ላንብብላችሁ።

አንደኛ፣ መኪና ጠዋት አልነሣ ስትል መጀመሪያ ሞተሪኖው ይዞራል ወይስ አይዞርም ብላችሁ ጠይቁ። ካልዞረ የፊቱን መብራት አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ድርግም ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ራሶች ላልተዋል። ራሶቹ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ በሙቅ ውሃና በሶዳ ታጥቦ ይጠበቅ። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ባትሪ ገዝቷል መሰላችሁ። ዐርፎ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ ካላሳየ ዲናሞው አልሞላም ማለት ነው። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ግን ወይ ቤንዚን ወይ ብልጭታ የለም፤ ወደነዚያ ሂዱ።

ሁለተኛ፣ ጭስ ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ አራግፉ። ባለ ካርቡሬተር መኪና በተለይ በደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ለደጋ አየር መስተካከል አለበት። ነጭ ጭስ ጠዋት በብርድ ጥቂት ደቂቃ ቢታይ ጤዛ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም የማይለቅ ከሆነ ግን ውሃ እየተቃጠለ ነው፤ መኪናዋን አቁሙ።

ሦስተኛ፣ ካንዴላ የሞተር ምላስ ነው። ሐኪም ምላስህን አሳየኝ እንደሚል ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። የቡና ገለባ መልክ ከያዘ ጤና ነው። ደርቆ እንደ ጥላሸት ከጠቆረ ቤንዚን በዝቷል። በዘይት ከራሰ ዘይት እየገባ ነው። እንደ ኖራ ከነጣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል። አንዱ ሲሊንደር አልሠራ ካለ ካንዴላውን ከሚሠራው ጋር አቀያይሩ። በሽታው ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ እዚያው ከቀረ ሌላ ነገር ፈልጉ። ይህ ምርመራ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

አራተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩና ሞክሩ። ሦስት ዕቃ በአንድ ላይ የቀየረ ሰው መኪናው ቢሠራለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ የሁለቱ ዋጋ በከንቱ ሄዷል።

አምስተኛ፣ የዘይት ቀይ መብራት እየነዳችሁ ከበራ «ቤት እስክደርስ» የሚባል ነገር የለም። ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። ያለ ዘይት ግፊት ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። ቮልስ ያላችሁ ደግሞ የቺንጊያ ነገር አደራ። ቮልስ ውሃ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚሰጠውን ማራገቢያ የሚያዞረው ያው የዲናሞው ቺንጊያ ነው። ሌላ መኪና ቺንጊያው ቢበጠስ ጥቂት መንገድ ሊሄድ ይችል ይሆናል። ቮልስ ግን እዚያው መቆም አለባት። ቪትዝና የመሳሰሉት ኮምፒዩተር ያላቸው ናቸው። የሞተር መብራት ሲበራ መሣሪያ ተሰክቶ ቁጥር ይነበባል። ቁጥሩ የሚያመውን ቦታ ይናገራል እንጂ በሽታውን አይናገርም። «ቁጥሩ ይህን ዕቃ ቀይር ይላል» ለሚላችሁ መካኒክ «ሽቦውን አይተኸዋል ወይ?» በሉት።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ሙቀቱ ከፍ ካለ ጥግ ይዛችሁ አቁሙና ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኩ፤ ታምቆ የቆየው ውሃ ፊትንና እጅን ይቀቅላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። ማቆሚያ ቦታ እስክታገኙ ድረስ የመኪናውን ማሞቂያ መክፈት ጥቂት ሙቀት ይቀንሳል፤ ለእናንተ ቢወብቅም ለሞተሩ እፎይታ ነው።

አባላት ሆይ፣ በመጀመሪያ ስለ ራሴ የምናገረው አለ ብዬ ነበር። አሁን ልናገረው።

ከደብረ ሲና ከተማ እንደ ወጣን ወጣቱ ሾፌራችን የሙቀቱን መርፌ አይቶ «ጋሼ፣ ሙቀቷ ጨምሯል፤ ጥግ ይዤ ላቁማት» አለኝ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። «ዳገቱን ጨርሰህ ታቆማለህ፤ ይመሻል፤ እናቶችም ይበርዳቸዋል» አልኩት። ጥቂት እንደ ሄድን ደግሞ ነገረኝ። «ንዳ አልኩህ እኮ!» አልኩት። በሦስተኛው እሱ ሳይናገር እንፋሎቱ ራሱ ተናገረ። እዚያ ዳገት ግርጌ ግማሽ ሰዓት ቆመን ቢሆን ኖሮ የምንቀይረው አንድ ቴርሞስታት ብቻ ነበር። ጋርኒሲዮኑን ያቃጠለው፣ ቴስታውን ያጣመመው የእኔ «ንዳ» ነው።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ «ሾፌሩ ውሃ ሳያይ በቸልተኝነት ነድቷል» ሲል እኔ ዝም አልኩ። ልጁ ደብተሩን አውጥቶ ሊያሳየን ፈልጎ ነበር፤ ጊዜ የለንም አልነው። የሁለት ወር ደመወዙ እንዲያዝ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በቸልተኝነት» የሚለውን ቃል የጻፈችው ይህች እጄ ናት። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

መኪናዋ በተሠራች በሦስተኛው ቀን ጋሼ የልጁን ደብተር አስመጥተው አነበቡት። በየቀኑ ጠዋት «ውሃ ታይቷል፣ ዘይት ታይቷል» እያለ ከነቀኑ ጽፏል። ለቀብር የሄድንበት ቀንም አለ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ «ውሃው ቀልቷል፣ ለጸሐፊው ተነግሯል» ይላል። እውነት ነው፤ ነግሮኝ ነበር፤ «የቧንቧ ውሃ ጨምርበት» ነው ያልኩት። ጋሼ ደብተሩን ዘግተው ለእኔ ሰጡኝ እንጂ ምንም አልተናገሩኝም። እኔም ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አራት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የሾፌራችን የተያዘ ደመወዝ ዛሬውኑ ይመለስለት፤ ያ ቃለ ጉባኤም ይታረም፤ እርማቱ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሁለተኛ፣ ከጥገናው ወጪ ውስጥ የጋርኒሲዮኑንና የቶርኖ ቤቱን ዋጋ በየወሩ ከፍዬ እንድጨርስ ይፈቀድልኝ። ሦስተኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪናዋን በሚመለከት ሾፌሩ «ትቁም» ካለ ሊቀመንበርም ሆነ ጸሐፊ «ንዳ» ሊለው አይችልም የሚል ደንብ ይጻፍ። አራተኛ፣ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ጠዋት የሰፈራችን ወጣቶች ከጋሼ ጋር ሆነው የማኅበሩን መኪና ውሃ፣ ዘይት፣ ቺንጊያና ባትሪ እያዩ እንዲማሩ ይደረግ። ጋሼ ፈቃደኛ ነኝ ብለዋል። ዕውቀታቸው እሳቸው ዘንድ ብቻ እንዳይቀር የእኛ ኃላፊነት ነው።

ልጁ ዛሬ እዚህ ከኋላ ቆሟል። በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።



የማኅበሩ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ጉባኤው አራቱንም ሐሳቦች ተቀብሎ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። የታረመው ቃለ ጉባኤ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል። የመጀመሪያው የእሑድ ትምህርት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በማኅበሩ ግቢ ይጀመራል። የምትመጡ ወጣቶች አሮጌ ልብስ ልበሱ።